ስሙኒ ለምን ጥርስ አወጣ?

ቴሌግራም ላይ የድሮ ገንዘብ የሚሸጥባቸው ቻናሎች ውስጥ ትንሽ ለቆየ ሰው ፎቶው እንግዳ አይሆንበትም። በደበዘዘ ካሜራ የተነሣ ሃምሳ ሳንቲም፣ የአንበሳው ፊት ግማሹ የጠፋ፣ ከሥሩ «የፋብሪካ ስህተት! በዓለም ላይ ብርቅዬ! ዋጋ በስምምነት»። ከዚያ መልእክቱ ይጎርፋል። አንዱ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሌላው «እኔም ጋ አለ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ መዶሻ ፍለጋ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሰውዬ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም በዓለም ዙሪያ ገዢ አለው፤ ከደህናው ወንድሙ ብዙ እጥፍ የሚከፈልበትም አለ። ገዢ ያለው ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ሞርሳ ውስጥ መጭመቅ፣ በሞረድ መብላት፣ አሲድ ውስጥ መንከር፣ በእሳት ማለብለብ፣ ሁሉም ይሞከራል። ሰው የራሱን ሃምሳ ሳንቲም ቢያበላሽ ብዙም አይቆጭም። የሚያስቆጨው አንዳንዴ መዶሻው ሥር የሚገባው የአያት ጠገራ ሲሆን ነው።

ነገሩን ከስሙኒ ብንጀምረው ይቀላል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገንዘብ ከ1 እስከ 25 ሳንቲም ያሉት መዳብ፣ ሃምሳው ግን ብር ነበር። በእንግሊዞች ጊዜ አገር ውስጥ ይዞር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሁለቱ በአንድ የኢትዮጵያ ብር ይመነዘር ስለነበር፣ ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» እየተባለ ቀረ። ሃያ አምስቱ ስሙኒ ሆነ። መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ክብ ነው፣ እንደ ሌላው ሳንቲም ሁሉ። ችግሩ ስፋቱ ከሽልንጉ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ፊቱ ላይ ያው ንጉሥ፣ ጀርባው ላይ ያው ዘውድ የደፋ አንበሳ። የሚያስታውቃቸው ዋናው ነገር ቀለማቸው ነበር፤ ቀለም ደግሞ ይቀባል። ክቡ ስሙኒ 421,500 ያህል ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ባለ ስሙኒ ተተካ። በጨለማም ቢሆን ጣት ይለየዋል። ስሙኒ ጥርስ ያወጣው እንዲህ ነው።

አሁን ይህን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ጥርሳሙን ስሙኒ ስጡት። ጠርዙ ጥርት ብሎ የተከረከመ አለ፣ ሸካራም አለ። ሸካራውን ሲያይ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሞረድ የበላው ይመስለዋል። ዓመቱን ሲያነብ ደግሞ ግራ ይጋባል፤ ክቡም ጥርሳሙም 1936 ነው የሚለው። ቅርጹ ተቀይሮ ዓመቱ ለምን አልተቀየረም? ስህተት ነው? አይደለም። የዚያ ዘመን ሳንቲም እስከ ንጉሡ መጨረሻ ድረስ ሲታተም የተጻፈበት ያው 1936 ዓ.ም. ነበር። ሸካራውም ለስላሳውም መንግሥት ያወጣው ነው። እንግዲህ «ያልተለመደ መልክ» ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ብረቱ የተገፋው መቼ ነው? ማተሚያው ውስጥ እያለ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?

ይህን ለመመለስ ሳንቲም እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከብረት ዝርግ ላይ ክብ ባዶ ብረት ይቆረጣል። ባዶው ብረት ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባል፤ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። ማኅተሞቹ በከባድ ጉልበት አንዴ ሲገጥሙ ብረቱ እንደ ሊጥ ይፈስና የማኅተሙን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል። ማኅተሙ ላይ የጎደጎደ ነገር ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ማኅተሙ በሥራ ብዛት ቢሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚታየው ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ነው። ቢላ የጫረው መስመር ግን ጠልቆ የገባ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ የተገፋው ብረት እንደ ትልም አፈር ተቆልሎ ይገኛል። ጥፍራችሁን አሂዱበት፣ ታውቁታላችሁ።

ያ ግማሽ ፊቱ የጠፋው አንበሳስ? እዚህ ላይ ሳንቲሙን ገልብጡት። ባዶው ብረት ማኅተሞቹ መካከል በትክክል ሳይቀመጥ ተመትቶ ከሆነ፣ ፊቱ ላይ የጎደለው ቦታ ትክክል ጀርባው ላይም ይጎድላል፤ የጎደለው ቦታ ምንም ያልነካው ሜዳ ነው። ማኅተሙ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ ቆዳው አይላጥም። በመዶሻ የተመታ ግን ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይሰፋል፣ ጀርባውም ከተቀመጠበት ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። በሞረድ የተፋቀ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የወርቅ ቤት ሚዛን እውነቱን ያወጣዋል። ሞርሳ ውስጥ ሁለት ሳንቲም አጣብቆ የጨመቀ ሰው ደግሞ የተገለበጠ የጽሑፍ ጥላ ያገኝና «ድርብ ኅትመት» ብሎ ያወጣዋል። ግን ሲጨምቀው የራሱ የሳንቲሙ ጉብታ ተደፍጥጧል፤ ማተሚያው ውስጥ የሆነ ቢሆን ተደፍጥጦ አይገኝም ነበር።

ጠርዙ የተገመጠ ሳንቲምም አለ። ዝርጉ ላይ መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠ ቦታ ላይ ሲያርፍ ባዶው ብረት ጨረቃ የበላው መስሎ ይወጣል። የዚህ ምልክቱ ረቂቅ ስለሆነ አስመሳዮች አይደርሱበትም፦ ከግማጩ ፊት ለፊት፣ በሌላኛው ዳር ያለው የጠርዝ ከፍታም ይሳሳል፤ ባዶውን ብረት ዙሪያውን ጨምቆ ጠርዝ የሚያወጣለት መሣሪያ ግማጩ ጋ ሲደርስ የሚገፋው ስለሚያጣ በተቃራኒው በኩልም አይጠነክርም። ግማጩ አጠገብ ያሉ ፊደላትም ወደ ክፍተቱ ይሳባሉ። በሞረድ የተበላ ሳንቲም ላይ ግን ፊደሉ ደህና ሆኖ መጥቶ መሐሉ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቂጣ ቀጥ ብሎ ያልቃል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ብረት የአንድ ብር ሳንቲም የራሱ ፈተና አለው። መሐሉን ገፍቶ አውጥቶ፣ አዙሮ መልሶ መክተት ይቻላል። ነገር ግን መሐሉና ቀለበቱ ማተሚያው ውስጥ የሚያዙት በአንድ ምት፣ በአንድ ማኅተም ነው። መሐሉ ለብቻው ከቀለበቱ ተለይቶ ከዞረ፣ ያዞረው ሰው ነው። በቃ።

ብዙ ጊዜ ግን «ስህተት» ተብሎ የሚወጣው ስህተትም ጉዳትም አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የወጡትን የደርግ ሳንቲሞች ደርድሩና የአንበሳውን አገጭ ተመልከቱ፤ አንዱ ላይ ጢሙ እኩል ነው፣ ሌላው ላይ በግራ በኩል ሁለት ረዘም ያሉ ጸጉሮች አሉ። ሳንቲሙ ከአንድ በላይ በሆኑ የውጭ ማተሚያ ቤቶች ስለታተመ እንጂ ማንም አልተሳሳተም። ማግኔት የሚይዘው አሥር ሳንቲምም አስመሳይ አይደለም፤ 1996 የሚለው ብረቱ ከውስጥ የተለመደው ብረት ሆኖ ከላይ ነሐስ የተለበጠ ነው፣ 1969 የሚለው ግን ነሐስ ስለሆነ ማግኔት አይነካውም። ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው፦ በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው አንዱ ላይ ግራ እግሩን፣ ሌላው ላይ ቀኝ እግሩን አንሥቷል።

ገንዘብን አገላብጦ ጉድለት መፈለግ ቴሌግራም ያመጣው ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቀው የየጁቤ ገበያ፣ በድሮ ስሙ ባሶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ንግድ የሚያርፍበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አካባቢውን አይቶ ጽፎለታል። እዚያ ገንዘቡ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነው። አሞሌ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ጠገራውን ደግሞ ተቀባዩ እንዲሁ አይወስድም፤ የማርትሬዛን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፣ ከሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ አንዱ ደብዝዞ ከሆነ ይመልሰዋል። ሞኝነት አልነበረም። ነገ ሌላ ገበያ ላይ የሚቀበለው ሰውም እንዲሁ እንደሚቆጥር ያውቃል። የምኒልክ ብር እንኳ በክብደትም በብር መጠንም ከጠገራው እኩል ሆኖ ሳለ በየጠቅላይ ግዛቱ ጠገራውን ማስለቀቅ ከብዶት ነበር።

ጠገራው ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመትም የስሙኒውን ጠባይ ይዟል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ ታተመ። ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ማኅተሙን ተቀብላ ሮም ማተም ጀመረች። እንግሊዞች ለንደን ላይ አተሙ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 ቦምቤይ ላይ ከ18 ሚሊዮን በላይ ታተመ። በዚያው ጊዜ ሳንድፎርድ፣ ቀጥሎም ዊንጌት ከሱዳን ተነሥተው ጎጃም ሲገቡ በጋማ ከብትና በግመል ጠገራ ጭነው ነበር፤ ስንቅና አጋሰስ የሚገዛው፣ ለአርበኛው የሚከፈለው በእሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ያ ብር በየመንደሩ ተበትኖ ነበር። ስለዚህ የማቻክል ወይም የአዋበል ቤት ሣጥን ሥር ያሉ ሁለት ጠገራዎች የንስሩ ጭራ ላባ ባይመሳሰል፣ የትከሻው ጌጥ ቢለያይ፣ ወደ «ስህተት» አትሩጡ። የአንዱ አገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ1780 ቀጥሎ ያለችው ትንሽ የተጋደመች መስቀልም የኅትመቱ አካል ናት፣ ማንም አልጫራትም።

ቀዳዳው ይቀራል። በጎጃም ብዙ ጠገራ የተበሳ ነው፤ ወይ ጫፉ ላይ ቀለበት ተበይዶበታል፤ በአንገት ተንጠልጥሎ፣ ከመስቀል ጋር በድሪ ላይ ውሎ ያደረ ነው። ለውጭ ሰብሳቢ ይህ ጉዳት ነው፣ ካታሎጉ ዋጋውን ይቀንሰዋል። እኔ ግን ያልተበሳውን ትቼ የተበሳውን ብወስድ እመርጣለሁ፤ ማን አንገት ላይ እንደነበረ ባይታወቅም አንገት ላይ እንደነበረ ይታወቃል። ይህንንም ቢሆን ገበያው ደርሶበታል፤ «የድሮ ጌጥ» ፈላጊ ስለበዛ በቅርቡ በመሰርሰሪያ የተበሳ ጠገራ ይሸጣል። መለያው አጉሊ መነጽር ነው። የመሰርሰሪያው ቀዳዳ ፍጹም ክብ ነው፣ ውስጡ ያብረቀርቃል፣ አፉ ስለታም ነው። በክር ለዓመታት የተንጠለጠለው ግን ክሩ ወደ ላይ ሲስበው ስለኖረ ቀዳዳው በጠርዙ በኩል ተበልቶ እንደ እንባ ረዘም ይላል፤ አፉ ለስልሷል፣ ውስጡ ከሌላው ገላው ጋር እኩል ጠቁሯል፤ ደረት ሲነካው የኖረው ጀርባም ከፊቱ ይልቅ ተልጓል።