የእቴጌ ገበታ

ፒያሳ የሚገኘው ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር፣ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። መንገደኛ በቤት ይስተናገዳል፤ እህል ውሃ በሒሳብ አይቀርብም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግን ከአድዋ ድል በኋላ የሚጎርፈውን ዲፕሎማትና ነጋዴ አይተው ዘመናዊ ማረፊያ አሠሩ።

በአፍ እንደሚተረከው፣ ገበያው መጀመሪያ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። አፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው መጡ፤ በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ሌላው ደፍሮ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ወሬው ተጋንኖ እንኳ ቢሆን፣ የዘመኑን ይሉኝታ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ከጅቡቲ የሚነሣው ባቡር ያኔ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ደንበኛ የመንገዱን ቀሪ ክፍል በበቅሎ ተጉዞ ነው ገበታው ላይ የሚቀርበው።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ እሳት ተነሣ። ስንት ሙዚቀኛ የተጫወተበት የጃዝ ክለብ፣ ጃዛምባ፣ ወደመ። እንዲህ ያለ ቅርስ በአንድ ቀን ሲጎዳ ማየት ያንገበግባል። ሆቴሉ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ምግብ ቤቱም ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በየሳህኑ በሚደረደርበት የጾም ቡፌው በከተሜውም በቱሪስቱም ዘንድ ስም አትርፏል።