በኤችፒቪ ክትባት ላይ የሚነሳ ሃይማኖታዊ ተቃውሞ

በኤችፒቪ ክትባት ላይ የሚነሳ ሃይማኖታዊ ተቃውሞ የማኅፀን በር ካንሰርን ለሚከላከለው ክትባት አንዳንድ የሃይማኖት መሪዎች፣ ማኅበራትና ወላጆች ያቀረቡት ተቃውሞ ነው። በይበልጥ የታወቀው ክትባቱ ከተፈቀደበት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካና በካናዳ ነው። የክርክሩ ዋና ነጥብ የክትባቱ ይዘት ሳይሆን ለልጃገረዶች ያስተላልፋል የተባለው መልእክትና የመወሰን ሥልጣኑ የወላጅ ነው ወይስ የመንግሥት የሚለው ጥያቄ ነበር።

ክትባቱ

ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በጣም የተለመደ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል። ለዓመታት ከቆየ ግን ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ከዝርያዎቹ መካከል 16 እና 18 የተባሉት 70 በመቶ ለሚሆነው የማኅፀን በር ካንሰር መንስኤ ናቸው።

ክትባቱ ቀድሞ የያዘን ቫይረስ አያድንም። ስለዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው ግንኙነት በፊት ሲሰጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የሚመክረው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች ነው። ብዙ ወላጆችን ያሳሰበውም ይኸው ዕድሜ ነበር።

የተቃውሞው ምክንያቶች

ተቃዋሚዎቹ ክትባቱ ከጋብቻ በፊት ለሚደረግ ግንኙነት እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል ብለው ሰግተዋል። በእነሱ አመለካከት ትክክለኛው መከላከያ እስከ ጋብቻ መታቀብና በጋብቻ ውስጥ መታመን ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው እስከ ጋብቻ ድንግል የሆነች ሴትም ቫይረሱ ከባሏ ሊይዛት እንደሚችል ያስረዳሉ።

ከውርጃ ከተገኙ ሴሎች ጋር በተያያዘ በኩፍኝ መሰል (ሩቤላ) ክትባት ላይ የሚነሳው ጥያቄ ጋርዳሲልን አይመለከትም። ጋርዳሲል የሚመረተው በእርሾ ሲሆን በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም።

በቴክሳስ

የቴክሳስ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. ስድስተኛ ክፍል የሚገቡ ልጃገረዶች እንዲከተቡ አዘዘ። ትእዛዙ ወላጆች ልጃቸውን ከክትባቱ እንዲያስቀሩ ይፈቅድ ነበር። ሆኖም ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የወላጅን መብት ይነካል ብለው ተቃወሙት። ፋሚሊ ሪሰርች ካውንስልን የመሳሰሉ ድርጅቶች ክትባቱ መኖሩን እንደሚቀበሉ፣ ግዴታ መሆኑን ግን እንደሚቃወሙ ገልጸዋል።

ተቃውሞው ሃይማኖታዊ ብቻ አልነበረም። የፔሪ የቀድሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለአምራቹ ለመርክ ጉዳይ አስፈጻሚ መሆኑም ጥርጣሬ ፈጥሯል። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ትእዛዙን ሻረው።

በካልጋሪ

በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ክትባቱን በትምህርት ቤቶች መስጠት ጀመረ። የካልጋሪ ጳጳስ ፍሬድ ሄንሪ ክትባቱ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ተከራከሩ፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ቦርድም ከለከለ። ክትባቱን የፈለጉ ወላጆች ልጆቻቸውን ራሳቸው ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነበረባቸው። ሐኪሞችና ወላጆች ከተከራከሩ በኋላ ቦርዱ በ2012 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ቀየረ። ሌሎች ብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ግን ክትባቱን ከመጀመሪያውም ፈቅደው ነበር።

የጥናት ውጤቶች

በ2012 እ.ኤ.አ. ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1,398 ልጃገረዶችን ተከታትሏል። በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል በእርግዝና፣ በአባላዘር በሽታና በወሊድ መከላከያ ምክር ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶችም ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል።

የክትባቱ ጥቅምም ተለክቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡ ሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በዋነኛነት በትምህርት ቤቶች አማካይነት፣ ክትባቱን መስጠት ጀምራለች። መደበኛ ምርመራ በማይዳረስባቸው አገሮች በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ፣ ሳትከተብ የምትቀር ልጅ ሌላ መከላከያ የማግኘት ዕድሏ ጠባብ ነው።