ከፕሩሲያ ካርታ እስከ ሚኒሶታ ጠረጴዛ፦ የጨዋታ ዳኛ ታሪክ



ገበጣ ዳኛ አያስፈልገውም። ጠጠሮቹ በሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ናቸው፤ የተደበቀ ነገር የለም። ዛሬ የማነሣው ግን ያለ ዳኛ ጨርሶ የማይጀመር ጨዋታ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሚና ይይዛሉ፤ በዚያ ሰው ቦታ ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የተግባራቸውን ውጤት የሚነግራቸው ደግሞ ከጨዋታው ውጭ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። እንግሊዝኛው «ጌም ማስተር» ይለዋል። እኔ «የጨዋታ ዳኛ» ማለትን እመርጣለሁ፤ በታሪክም መነሻው ዳኝነት ነውና።

ታሪኩ ከፕሩሲያ ይጀምራል። ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ያሳየውን የጦር ጨዋታ፣ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 አሻሽሎ አሳተመው። ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛው በካርታው ላይ የሚያስቀምጠው ሊታይ የሚችለውን ጦር ብቻ ነው፤ የጉዳቱ መጠን በዛኅራ ይወሰናል። እንደ እኔ አስተያየት የፈጠራው እምብርት ዛኅራው ሳይሆን ይህ መደበቅ ነው። አዛዡ የሚወስነው ባወቀው ልክ ነው፤ ሁሉን የሚያውቀው ዳኛው ብቻ ነው።

ይሁንና የደንቡ ሰንጠረዥ እየበዛ ሄዶ ዳኞችን አሰለቸ። በ1876 ፈርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን አብዛኛውን ደንብ ትቶ ውሳኔውን ለልምድ ባለቤት መተው እንደሚሻል ጻፈ። ጨዋታው ፈጠነ፤ የዳኛው ሥልጣን ግን ልጓም አጣ። ደንብ ያልገደበው ዳኛ ከራሱ ልምድ ውጭ የሆነውን ሐሳብ «አይሆንም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ይኸው ሐሳብ ውቅያኖስ ተሻገረ። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ቻርልስ ቶተን በ1880 «ስትራቴጎስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ከሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት ይህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አገኘው፤ ተጫዋች ያሰኘውን ሊሞክር፣ ዳኛውም ውጤቱን ሊወስን እንደሚችል ከዚያ ተረዳ። በ1969 በናፖሊዮን ዘመን የነበረች፣ «ብራውንስታይን» ብሎ የሰየማትን ምናባዊ የጀርመን ከተማ አዘጋጀ። ጦር ላልደረሳቸው ተጫዋቾች የከንቲባ፣ የባንክ ባለቤትና የመሳሰሉትን ሚና ሰጠ። ተጫዋቾቹ የታሰበውን ውጊያ ትተው በየፊናቸው መዶለት ጀመሩ፤ ሁለቱ እንዲያውም ለሁለትዮሽ ፍልሚያ ተጠራሩ። ለዚያ ደንብ ስላልነበረው ዌስሊ እዚያው ፈጠረ። ሌሊቱን እንደ ውድቀት ቆጠረው፤ ተጫዋቾቹ ግን እንዲደገም ጠየቁት።

ከእነርሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። በ1971 ዳኝነቱን ወደ «ብላክሙር» ምናባዊ ምድር ወሰደው፤ በ1974 ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ ቡክሌቶች፣ በ1,000 ቅጂ አሳተሙ። በ1979 ጋይጋክስ ለዳኛው ብቻ ያዘጋጀው መመሪያ ከ200 ገጽ በላይ ነበር። ፈርዲ የሸሸው ሰንጠረዥ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለታሪክ ሰው ይህ ምን ያገባዋል? የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሴሚናሬ በየካቲት 21 ቀን 1888 ዓ.ም. ምሽት ጄኔራል ባራቲዬሪ ከብርጌድ አዛዦቹ ጋር ያደረገውን ምክክር በጨዋታ አቀረብሁ። እንደምታውቁት ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ማፈግፈግን አንሥቶ ነበር፤ አዛዦቹ ግን ለማጥቃት ገፋፉት። ባራቲዬሪን የያዘው ተማሪ «አፈገፍጋለሁ» አለ። እኔ የዓድዋን ፍጻሜ አውቅ ስለነበር መንገዱን አበላሸሁበት፤ ከሮም ሌላ ቴሌግራም አመጣሁበት፤ በመጨረሻ ወደ ዓድዋ ዘመተ። ክፍሉ ሲበተን «መምህር፣ ማፈግፈግ የማልችል ከነበረ ለምን ጠየቁኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በዳኛ ወንበር ተቀምጬ በሁለቱም ወገን ላይ አድልቻለሁ፤ የምኒልክም ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት እንደነበር፣ መጠበቅም አደገኛ እንደነበር ማንም ተማሪ እንዲያመዛዝን ዕድል አልሰጠሁም።

በማግሥቱ ዓመት እያንዳንዱ ወገን የሚያውቀውን ብቻ አስቀድሜ በወረቀት ጻፍሁ፤ ወረቀቶቹንም አሽጌ ለተማሪዎቹ አደልሁ። ባራቲዬሪ አፈገፈገ፤ እኔም ተውሁት። በኢትዮጵያ ወገን ያሉት በስንቅ እጦት ሰፈራቸውን ነቀሉ። ውጊያ ሳይደረግ ሰዓቱ አለቀ፤ ግማሹ ክፍል ተቆጣ። አንዲት ተማሪ የጠላት ስንቅ ስንት ቀን እንደቀረው ብታውቅ ኖሮ ትጠብቅ እንደነበር ተከራከረችኝ። የጣሊያኖቹን ወረቀት ከፍቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።