ፈጣኗን መኪና ማን መረጣት? ከሰቲት ፈረስ እስከ «ዜሮ ዜሮ»

እ.ኤ.አ. በ1861 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰቲት ወንዝ ዳር ያየውን የዝሆን አደን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። የሐምራን ዐረቦች የሚያድኑት በጠመንጃ ሳይሆን በሰይፍና በፈረስ ነበር። አንዱ ጋላቢ ዝሆኑን አስቆጥቶ ከፊት ከፊቱ ይሸሻል። ዝሆኑ ዐይኑን እሱ ላይ ተክሎ ሲያባርር ሌሎቹ ከኋላ ይደርሱና አንዱ ከፈረሱ ዘልሎ ወርዶ የኋላ እግሩን ጅማት ይበጥሳል። ቤከር ከሁሉም ያደነቀው ሮደር ሸሪፍ የሚባለውን ሰው ነው፤ አንድ እጁ የሰለለ ቢሆንም ዝሆን ፊት ፈረስ የመጋለቡ ዕጣ ለእሱ ይሰጥ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ዝም ብሎ የሚሮጥ ፈረስ አይበቃም። ቁጥቋጦ መሐል የሚታጠፍ፣ ስንጥቅጥቅ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የማይደናቀፍ መሆን አለበት። ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ ገበያ የሚወርደው ነጋዴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ቡናውንና ሰሙን የሚጭነው በበቅሎ ነው፤ በቅሎ አትፈጥንም፣ ገደሉን ግን ታውቀዋለች። በሰቲትና በመተማ ቆላ ፍጥነትና ጽናት ከአንድ ጋጣ ወጥተው አያውቁም። መኪና ሲመጣም ጥያቄው ያው ሆኖ ቀጠለ፤ ልዩነቱ፣ መልሱን የሚሰጠው ከገዢው ይልቅ መንገዱና ቀረጡ መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በበረሃና በአቀበት ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ ዎልስሊ ሲድሊ መኪናውን ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። መኪናዋ አዲስ ነበረች፤ መንገድ ግን አልነበረም።

መተማ ሞተርን በደንብ ያወቀችው በጦርነት ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው ጦር ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ገላባትንና መተማን ይዘው በነበሩት ጣሊያኖች ላይ ጥቃት ከፈተ። በጥር ወር መጨረሻ ጣሊያኖቹ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ መንገዱን በፈንጂ ሞልተውት ሄዱ። ያንን መንገድ የጠረገው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት ህንዳዊ መኮንን ነው። በአራት ቀን ውስጥ 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እየመራ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አጸዳ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈንድቶ የጆሮው ታምቡር ቢበሳም ሥራውን አላቋረጠም፤ ለዚህም የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ተሸለመ። ዛሬ ጎንደርና መተማን በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ማርሽ እየቀየረ የሚያልፍ ሾፌር ይህን ታሪክ ላያውቅ ይችላል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክ ለመንገድ ያበደረው 5 ሚሊዮን ዶላርም ለሥራው መነሻ ሆነ። መንገድ ሲዘረጋ የግል መኪና ተከተለ። ሴይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት 633 ሲሲ ሞተር ይዛ ከተማ ውስጥ ስትርመሰመስ፣ ቮልስ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆነች። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ጭቃና አቀበት ላይ እምብዛም አትንሸራተትም። የሚያቀዘቅዛት አየር እንጂ ውሃ ስላልሆነም በሙቀት የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ለደጋውም ለቆላውም የተመቸች ነበረች፣ ከፍጥነቷ በቀር።

የቮልስ ፋብሪካ ፍጥነትን ያሰበው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፍራንክፈርት ላይ ጎልፍ ጂቲአይን አሳየ። ባለ ኋላ በር ትንሽ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ሞተሯ ግን 1,588 ሲሲ ሆኖ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኩባንያው 5,000 ብቻ ለመሥራት አስቦ ተነስቶ የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460 ሺህ በላይ ተሸጠ። «ሆት ሃች» የሚባለው የመኪና ዓይነት ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ገነነ። የአውሮፓ ወጣት እስከዛሬ የሚከራከረው፣ በአንድ ዓይነት ገንዘብ አዲስ ሆት ሃች ይሻላል ወይስ ትልቅ ሞተር ያላት ያገለገለች የስፖርት መኪና በሚል ነው።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ አብዮት ላይ ነበረች። ጂቲአይ ጀርመን ውስጥ ስትሸጥ እዚህ የመጣችው ላዳ ናት፤ በፊያት 124 አምሳል ቶሊያቲ ላይ የተሠራች፣ ለመጥፎ መንገድ የጠነከረች። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። አንዳንዱ ያረጀ ፔጆውን እያደሰ ኖረ። ማንም ስለ ፈረስ ጉልበት አልተከራከረም፤ የሚጠየቀው መለዋወጫ መገኘቱ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የገበያው በር ሲከፈት ምርጫው ተመለሰ። ይሁንና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ምርጫውን በሲሲ ለካው። እስከ 1,300 ሲሲ የሆነች የቤት መኪና 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለችው 100 በመቶ ትከፍል ነበር። ይህ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ላይ ይደረብ ነበር፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከተል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ታከለ።

የዚያን ጊዜውን ሒሳብ ማየት ነው። አገር እስክትገባ 100 ሺህ ብር የፈጀች ትንሽ መኪና ግብሯ ተከፍሎ 222 ሺህ ትሆን ነበር። መካከለኛዋ 273 ሺህ ትደርስ ነበር። ትልቅ ሞተር ያላት ከ341 ሺህ ታልፍ ነበር። ጂቲአይ ከነ1,588 ሲሲዋ መካከለኛው እርከን ላይ ትወድቅ ነበር። 1,994 ሲሲ የሆነችው ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ የመጨረሻው ጣራ ላይ ነበረች።

አዋጁ ሌላም ውጤት ነበረው። ግብሩ የሚሰላው በዋጋ ስለነበረ፣ እርጅና ዋጋዋን ያወረደባት መኪና ግብሯም አብሮ ይወርድ ነበር። ስለዚህ አዲሷ ፈጣንም ያገለገለችው ፈጣንም ተሸነፉ፤ ያሸነፈችው ትንሽም ያገለገለችም የሆነችው ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ የተወለደችው ቪትዝ፣ በአንድ ሊትር ሞተሯና በ70 የፈረስ ጉልበቷ፣ የአዲስ አበባን ጎዳና ሞላችው። ለወጣት የተሠራችው እህቷ ባለ 1.5 ሊትሯ ቪትዝ አርኤስ በሞተሯ መጠን ብቻ ሁለተኛው እርከን ገባች፤ ከላይ በተሰላው ዋጋ የ51 ሺህ ብር ልዩነት ማለት ነው።

ተፈጥሮም የራሷን ታስከፍላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የጂቲአይዋ 110 ፈረስ ጎንደር ሲደርስ ወደ 88 ይጠጋል፤ የቪትዝ 70ው ወደ 56። ቆላ ላይ የሮጠች መኪና ደጋ ስትወጣ የምታቃስተው ሁልጊዜ በሾፌሩ ጥፋት አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ሚዛኑን ገለበጠው። እስከ 1,300 ሲሲ የሆነች አዲስ መኪና ኤክሳይሷ ወደ 5 በመቶ ወረደ፤ ሌላው ግብር እንዳለ ሆኖ ሲሰላ 222 ሺህ የነበረው ወደ 179 ሺህ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለች መኪና ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲያስታውቁ፣ ያገለገለች የቤንዚን ፈጣን መኪና ማስመጣት ከነአካቴው ቀረ።

እንዲህም ሆኖ ፍጥነት በሌላ በር ገባ። ከቻይና የመጣችው ባለ 204 የፈረስ ጉልበት ቮልስዋገን አይዲ.4 ከመጀመሪያዋ ጂቲአይ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጉልበት አላት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስም ጭልጋን ስትወጣ አንድም ፈረስ አይጎድልባትም።

እንደ ሳንጃና መተማ ባሉ የቆላ ከተሞች ላለ ገዢ ግን ነገሩ ገና አልተቆረጠም። የሕዝብ ቻርጀር የተከማቸው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ደግሞ ባትሪን በፍጥነት ያስረጃል። ከሳንጃ ሁመራ ለሚመላለስ ሰው፣ ቀድማ አገር የገባች፣ መካኒኩ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታት ያገለገለች ኮሮላ ወይም ላንድ ክሩዘር ከአዲሷ ፈጣን መኪና ትሻላለች። አዲሷን፣ «ዜሮ ዜሮ» የምትባለውን፣ የሚመኝ፣ ከደላላው ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት በሚሄድበት መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርግና ስትበላሽ ማን እንደሚጠግናት ይጠይቅ።