የእጅ ስልክና የተጠቃሚ አካውንት፤ የአንድ ግዴታ አመጣጥ

በዘመናችን አዲስ የእጅ ስልክ ለሚከፍት ሰው አስቀድሞ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃል የሚመለከት ነው። አሠራሩ ከመለመዱ የተነሣ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን እንዲህ አለመሆኑ ይታያል።

ፓይለት የተሰኘው የኪስ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለገበያ በቀረበ ጊዜ፣ ባለቤቱ ከኮምፒዩተሩ ጋር በተያያዘ ማስቀመጫ ላይ አኑሮት አንድ ቁልፍ ሲጫን፣ የአድራሻዎቹና የቀጠሮዎቹ ቅጂ ወደ ኮምፒዩተሩ ይተላለፍ ነበር። አዳዲስ ፕሮግራሞችም የሚገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። ቅጂው ከባለቤቱ እጅ ስለማይወጣ ማንነቱን ለሌላ ወገን የሚያስመዘግብበት ምክንያት አልነበረም።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 አፕልና ጉግል የየራሳቸውን የመተግበሪያ ገበያ ሲከፍቱ ነው። ሻጭ ሒሳብ ለመቀበልና የተሸጠውን መተግበሪያ በሌላ ስልክ ላይ እንደገና ለመስጠት ገዢውን ለይቶ ማወቁ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ግዴታው በነፃ የሚታደሉትንም መተግበሪያዎች የሚያጠቃልል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 አፕል አይክላውድን ሲያቋቁም፣ መጠባበቂያ ቅጂው በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ኩባንያው ማከማቻ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። ይህም ያለ አካውንት የሚገኝ አገልግሎት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የጠፋ ስልክ ያለ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ዳግመኛ ሥራ እንዳይጀምር የሚያግድ መቆለፊያ ጨመረ።

የእነዚህ እርምጃዎች ጥቅም አይካድም። በኢትዮጵያ ከእጅ ስልኩ በቀር ሌላ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስልኩ ቢሰረቅበት የልጆቹን ፎቶግራፍ ወይም የማስተማሪያ ማስታወሻውን መልሶ የሚያገኘው በአካውንቱ አማካይነት ነው። በአንፃሩ የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ ወይም አካውንቱን ሌላ ሰው ከፍቶለት ምስጢሩን ራሱ ያልያዘ ባለቤት፣ ስልኩ በእጁ እያለ ንብረቱን ሊያጣ ይችላል። ለሌባ የተበጀው መቆለፊያ በባለቤቱም ላይ ይዘጋል።

ግዴታው ከቴክኒክ አስፈላጊነት ብቻ የመነጨ አለመሆኑን የሚያስረዱ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ኤፍ-ድሮይድ ነፃ መተግበሪያዎችን ያለ አካውንት ያድላል፤ የአፕል ስልክም ቢሆን ቅጂውን በገመድ አማካይነት በግል ኮምፒዩተር ላይ ማስቀመጥ ይችላል።

ስለሆነም አካውንት ለፈለገው ሰው የሚሰጥ አገልግሎት ይሁን እንጂ፣ አንድ ሰው በገዛ መሣሪያው ለመጠቀምና የገዛ ጽሑፉን ቅጂ ለመያዝ መግቢያ በር ሊሆን አይገባውም። ይህ እስኪስተካከል ድረስ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት፣ ሠልጣኞች አካውንታቸውን በራሳቸው እጅ እንዲከፍቱ፣ የይለፍ ቃላቸውን በጥንቃቄ እንዲይዙና ለሥራቸው ሁለተኛ ቅጂ ከስልኩ ውጭ እንዲያኖሩ ቢያስተምሩ፣ ብዙ ድካም በከንቱ ከመጥፋት ይድናል።