ለዐሥር ዓመት የተሠሩ ቤቶች

እኛ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች «ለጊዜው» የሚለውን ቃል በየደብዳቤው ስንጽፍ ክብደቱን እምብዛም አንመዝነውም። ቤት ላጣ ቤተሰብ ግን ቃሉ ከባድ ነው፤ እስከ መቼ? ከማንስ ጋር? ብሎ ይጠይቃልና። የብሪታንያ መንግሥት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቤት የሌላቸውን ለማስጠለል ያደረገውን ጥረት የምንመለከተው ይኸን ጥያቄ በመያዝ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ ሳይጀመር የአገሩ ሹማምንት ከአየር ድብደባ የሚመጣውን ጉዳት ሲገምቱ እጅግ ያሰቡት ስለ ሟቾች ነበር። የሬሳ ሣጥንና የመቃብር ቦታ በብዛት ተዘጋጀ። ከድብደባው ተርፎ ቤቱ ስለ ፈረሰበት ሰው ግን የታሰበው ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሰዓት በትምህርት ቤት አዳራሽ አርፎ ወደ ዘመዱ ይሄዳል ተባለ። በመስከረም 1940 ለንደን መደብደብ ስትጀምር የሆነው ሌላ ነው። ከሟቹ ይልቅ ቤት አልባው በዛ። በከተማይቱ ምሥራቅ ካኒንግ ታውን በተባለው ሰፈር ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ሳውዝ ሆልስቪል በሚባል ትምህርት ቤት ተሰብስበው ወደ ሌላ ስፍራ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ሲጠባበቁ መስከረም 10 ቀን ማለዳ ቦምብ ወደቀባቸው። በይፋ የተቈጠሩት ሟቾች ከ70 በላይ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን ቍጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ሲሉ ኖረዋል። ለጥቂት ሰዓት የተባለው መጠለያ ቀናት አስቈጥሮ ነበርና።

ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በመጋቢት 1944፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል በራዲዮ ንግግራቸው ግማሽ ሚሊዮን ተገጣጣሚ ቤቶች እንደሚሠሩ ለሕዝቡ ተስፋ ሰጡ። በዚያው ዓመት የጊዜያዊ መኖሪያ ቤቶች ሕግ ወጥቶ 150 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈቀደ። ነገር ግን ብረቱም እንጨቱም ጠፋ፤ ወጪውም ከታሰበው በላይ ሄደ። እስከ 1949 ድረስ የተሠሩት 156,623 ብቻ ናቸው። ተስፋው ከተፈጸመው ከሦስት እጅ በላይ ነበር ማለት ነው።

ስለ ቤቶቹ አሠራር ጥቂት ማለት ይገባናል። ከመካከላቸው 54,500 ያህሉ የአሉሚኒየም ነበሩ። ትናንት የጦር አይሮፕላን ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎች ቤቱን ከነመብራት ሽቦውና ከነውሃ ቧንቧው በአራት ክፍል ሠርተው በካሚዮን ይልኩታል፤ በተዘጋጀለት መሠረት ላይም ይጋጠማል። መሠረቱንና መንገዱን ከሠሩት መካከል የጀርመንና የኢጣልያ ምርኮኞች ይገኙበታል። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ ባኞ፣ ሽንት ቤትና ሙቅ ውሃ፣ ከዚህም ጋር ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ነበረው። ያን ጊዜ ብዙ እንግሊዛዊ ሠራተኛ የሚታጠበው በቆርቆሮ ገንዳ፣ ሽንት ቤቱም በጓሮ ስለ ነበረ፣ ይህ እንደ ተአምር ታየ። በኋላ የሠራተኛው ፓርቲ መሪ የሆኑት ኒል ኪኖክ በዌልስ ያደጉት በእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ፍሪጁንና ባኞውን ለማየት ይመጣ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ግድግዳው ስስ፣ ክረምቱም ብርድ መሆኑ አልቀረም። ቢሆንም አባትና እናት ከነልጆቻቸው በራሳቸው በር ይገቡና ይወጡ ነበር፤ ከነገሩ ሁሉ እኛ ትልቁን ስፍራ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ቤቱ ያልደረሳቸው በ1946 በጋ ባዶ ወደ ቀሩት የወታደር ሰፈሮች ገቡ። መንግሥት መጀመሪያ ሕገ ወጦች አላቸው፤ በኋላ ግን ብዙዎቹን ሰፈሮች ለየአካባቢው ማዘጋጃ ቤት አስረክቦ ውሃና መብራት እንዲገባ አደረገ።

በ1948 የወጣው የብሔራዊ ርዳታ ሕግ የጥንቱን የድሆች ሕግ ሽሮ፣ አስቀድሞ ሊታወቅ በማይችል ምክንያት ቤት ላጣ ሰው ጊዜያዊ መጠለያ መስጠት የአካባቢው አስተዳደር ግዴታ እንዲሆን አዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ አስተዳደሮች ቃሉን አጥብበው ተረጐሙት። የቤት ኪራይ ባለመክፈሉ የተባረረ ሰው መባረሩን አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር እየተባለ ይመለስ ጀመር። ለተቀበሏቸውም የተሰጠው ስፍራ ብዙውን ጊዜ ያው በድሆች ሕግ ዘመን ድሆች እየሠሩ ይጦሩበት የነበረው አሮጌ ሕንፃ ነው። በዚያ ሕንፃ ቀድሞ ባልና ሚስት ተለያይተው ያድሩ ነበር፤ ሕጉ ተሽሮ ልማዱ ቀረ። በኬንት አውራጃ ኪንግ ሂል በተባለው መጠለያ እናቶችና ልጆች ሲገቡ ባሎች በተወሰነ ሰዓት ከመጠየቅ በቀር ማደር ተከለከሉ። በ1965 ቤተሰቦቹ አንለያይም ብለው ተነሡ፤ ባሎች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰው እስከ መታሰር ደረሱ። በ1966 ክልከላው ተነሣ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኬን ሎች ያዘጋጀው «ኬቲ ወደ ቤት ነዪ» የተባለ ድራማ በቴሌቪዥን ታይቶ አገሩን አስደነገጠ። ሆኖም ሕጉ እስኪሻሻል ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። የ1977ቱ ሕግ ልጆች ላሏቸው ቅድሚያ ሰጠ፤ አብረው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላትም አብረው እንዲጠለሉ ደነገገ። መጠለያው ግን አልቀረም፤ በ2023 በእንግሊዝ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ቤተሰቦች በጊዜያዊ ማረፊያ ይኖሩ ነበር።

ተገጣጣሚዎቹ ቤቶችስ? ዐሥር ዓመት ያህል ይቆዩ ዘንድ ታስበው ከተሠሩት ብዙዎቹ በስድሳዎቹ ፈረሱ። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ካትፎርድ ውስጥ ኤክስካሊበር በተባለው ሰፈር ግን 187ቱ ቆሙ። በ2009 መንግሥት ከእነዚህ ስድስቱን በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ነዋሪዎቹ ሰፈሩ ይፍረስ አይፍረስ ተብለው ድምፅ ሲጠየቁ፣ ከመቶ 56ቱ ይፍረስ አሉ፤ 44ቱ ግን ቤታችን አይነካ ብለው ቀሩ።