የጋሊሌዮ ችሎት በመማሪያ ክፍል ውስጥ

በሮማ መካከል፣ ከፓንቴዮን ጀርባ፣ ሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1633 በዚያ በሚገኘው ገዳም የ69 ዓመቱ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ተንበርክከው፣ ምድር ትንቀሳቀሳለች የሚለውን አሳብ መካዳቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አነበቡ። ከ10ሩ ካርዲናሎች በፍርዱ ላይ የፈረሙት 7ቱ ብቻ ናቸው። በዘመናችን ይህ ችሎት በአሜሪካ ኮሌጆች መማሪያ ክፍሎች ደጋግሞ ይሰየማል። ከሳሾቹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኞቹም ተማሪዎች ናቸው፤ ፍርዱም አስቀድሞ አልተጻፈም።

ዘዴው የተወለደው ኒው ዮርክ በሚገኘው በርናርድ ኮሌጅ ነው። የታሪክ ምሁሩ ማርክ ካርንስ በ1990ዎቹ ተማሪዎቻቸውን የታሪክ ሰዎችን ሚና እያለበሱ ማከራከር ጀመሩ። ከ1616 እስከ 1633 ያለውን የሮማ ክርክር የሚሸፍነውን ጨዋታ ደግሞ ከፊዚክስ መምህሩ ከማይክል ፔተርሰንና ከፍሬድሪክ ፐርኔል ጋር አዘጋጁት። እያንዳንዱ ተማሪ ሚና ይሰጠዋል፤ የዘመኑን ጽሑፎች ያነባል፤ በተሰጠው ሰው ስም ይናገራል፣ ይጽፋል። መምህሩ ከፊት ቆሞ ማስተማሩን ትቶ ከኋላ ይቀመጣል። ገና ያልወሰኑ ሰዎችን ሚና የያዙ ተማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ በአብዛኛው እነርሱን ለማሳመን ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር በዚህ ምን ይጠቀማል? የዛሬ ተማሪ ምድር ፀሐይን እንደምትዞር ያውቃል፤ ያወቀው ግን ስለተነገረው ነው። በ1616 በእጅ በነበረው ማስረጃ ብቻ አስረዳ ሲባል ከባድ ችግር ይገጥመዋል።

ማስረጃው ቀላል አልነበረም። ጋሊሌዮ በ1611 ወደ ሮማ ሲመጡ ጠላት አልጠበቃቸውም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ከፍተኛ ትምህርት ቤት በነበረው በኮሌጆ ሮማኖ፣ አረጋዊው ክላቪየስና ባልደረቦቻቸው ቴሌስኮፑ ያሳየውን ነገር ራሳቸው ተመልክተው አረጋገጡ፤ ፌዴሪኮ ቼሲ የመሠረቱት የሊንቼይ አካዳሚም አባል አደረጋቸው። (ያው ማኅበር በጎንደር ምድርም ነበረ፤ ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለፋሲለደስ የለቀቁት የጋሊሌዮ መጽሐፍ በታተመበት በ1632 ነው።) የጁፒተር ጨረቃዎች ሁሉም ነገር ምድርን እንደማይዞር አሳዩ። ቬኑስ እንደ ጨረቃ እየጎደለች መሙላቷ የጥንቱን የበጥሊሞስን ሥርዓት ናደው። ሆኖም የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ ሌላ ሥርዓት አስቀምጠው ነበር፤ ፕላኔቶች ፀሐይን ይዞራሉ፣ ፀሐይ ራሷ ግን ቆማ የምትኖረውን ምድር ትዞራለች የሚል። የቬኑስ መልክ መለዋወጥ ለዚህኛውም እኩል ይስማማል። በሌላ በኩል ምድር የምትጓዝ ከሆነ፣ የቅርብ ከዋክብት በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ቦታ የቀየሩ መምሰል ነበረባቸው፤ ይህን ግን ማንም አላየም። ልዩነቱ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ጀርመናዊው ቤሰል ለክተው ያገኙት በ1838 ነው፤ ከፍርዱ 205 ዓመት በኋላ።

ስለዚህ የካርዲናል ቤላርሚኖን ሚና የያዘ ተማሪ ሞኝ ሆኖ መቅረብ አይገደድም። ቤላርሚኖ በ1615 በጻፉት ደብዳቤ፣ እውነተኛ ማረጋገጫ ከመጣ የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጓሜ በጥንቃቄ መመርመር እንደሚያስፈልግ፣ እስከዚያ ግን ማረጋገጫ መኖሩን እንደሚጠራጠሩ ገልጸዋል። በዓመቱ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ መታገዱ የሥልጣን ውሳኔ ነበር፤ የቤላርሚኖ ጥያቄ ግን የሳይንስ ጥያቄ ነበር።

ጋሊሌዮ ራሳቸው የሚና ጨዋታ ደራሲ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1632 በፍሎረንስ ያሳተሙት መጽሐፍ የ3 ሰዎች የ4 ቀን ጭውውት ነው፤ ሳልቪያቲ አዲሱን ሥርዓት ይደግፋል፣ ሳግሬዶ አስተዋይ አድማጭ ነው፣ ሲምፕሊቾ የአሪስቶትል ወገን ነው። ሚናዎቹ ግን በእኩል ሚዛን አልተሰጡም። ሲምፕሊቾ ገና ከመጀመሪያው ሊሸነፍ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የጳጳሱ የኡርባን ስምንተኛ ተወዳጅ መከራከሪያም በመጨረሻ በእርሱ አፍ መነገሩ የቀድሞውን ወዳጅ አስቆጣ። ከዚህ የከፋው ጉድለት ቲኮን የሚወክል ተናጋሪ አለመኖሩ ነው። ርዕሱ ራሱ ስለ «ሁለት» ሥርዓቶች ሲያወራ፣ በኮሌጆ ሮማኖ ብዙ ደጋፊ የነበረው ሦስተኛው ከመድረኩ ቀርቷል። ጋሊሌዮ ከሁሉ ይበልጥ የተመኩበት የ4ኛው ቀን ማስረጃ፣ የባሕር መሙላትና መጉደል ከምድር እንቅስቃሴ ይመጣል የሚለው፣ ስሕተት ነበር። ትክክለኛ መደምደሚያ በተሳሳተ ማስረጃ ሊደገፍ እንደሚችል ተማሪ ከዚህ ይልቅ በግልጽ የሚያይበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አዲሱ ጨዋታ የጋሊሌዮን መጽሐፍ የሚበልጠው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ ተሸናፊው ወገን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይቀርባል።

በክርክር ማስተማር ለሮማ አዲስ አልነበረም። ኢየሱሳውያን በ1599 ያጸደቁት የትምህርት ሥርዓት ተማሪዎች በየሳምንቱ እየተከራከሩ እንዲለማመዱ ያዝ ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢም በልሃ ልበልሃን ያስታውሳል፤ በዚያ ሙግት ግጥምና ቅኔ የሚያውቅ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ችሎቱን ይማርክ ነበር። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አንደበተ ርቱዕ ተማሪ ምድርን ሊያቆማት ይችላል፤ ቬኑስ ግን ለድምፅ ብልጫ አትገዛም። ስለሆነም ጨዋታው ካበቃ በኋላ ሚናዎቹ ወልቀው፣ በእርግጥ የሆነውና እውነት ሆኖ የተገኘው ምን እንደሆነ የሚመረመርበት ክፍለ ጊዜ አለ። ይህ ክፍለ ጊዜ ቢቀር የሚተርፈው ቲያትር ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ሳይንስን ለማስፋፋት የመረጠችው መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረውም ማያ ገጹ አይጠብቀውም ነበር። በ2008 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ ተወሰነ። ውሳኔው የወንበሩን ቁጥር ይቈጥር ነበር፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተማሪ የተነገረውን መጠርጠር ይለማመድ እንደሆነ ግን አይጠይቅም ነበር። የጋሊሌዮ ጨዋታ ቤተ ሙከራም ሆነ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው ሁሉም የሚናገርበት ትንሽ ክፍል፣ በተማሪው ቋንቋ የተዘጋጀ ንባብና ለሳምንታት ዝም ብሎ ከኋላ መቀመጥ የሚችል መምህር ነው።